ወደ ኋላዬ

አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች። አንድ ቀን ከምሳ ስንመለስ፣ ደረጃው ላይ፣ ያለ ምንም መግቢያ «ኢየሱስ ማን ነው?» አለችኝ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳየው ቀልድ አልነበረም።

መልሱን አውቀዋለሁ። ልጅ እያለሁ በቃሌ የሸመደድኩት ነው። የእግዚአብሔር ልጅ፤ ፍጹም አምላክ፣ ፍጹም ሰው፤ ስለ ኃጢአታችን የሞተ፣ በሦስተኛው ቀን የተነሣ፣ ዳግም የሚመጣ። አንድም ሳልስት ዘረገፍኩላት። ሁለት ደረጃ ወጥቼ ዘወር ስል እሷ ቆማ ቀርታለች።

«ይሄንን የትም ማንበብ እችላለሁ» አለች። «እኔ የጠየቅኩት አንቺን ነው።»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ስልኬ ጠራ መሰለኝ። ወይም እንደጠራ አስመሰልኩ።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የማርቆስን ወንጌል ከፈትኩ። ማርቆስን የመረጥኩት በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ከአራቱ አጭሩ እሱ ነው። 16 ምዕራፍ ብቻ። ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጨርሰዋል። የሚያሳፍረው ነገር፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አማኝ ነኝ ብዬ ስኖር አንድም ቀን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቁጭታ አንብቤው አላውቅም። ጥቅስ ጥቅሱን ነው የማውቀው። አንድን ሰው በተቆራረጠ ፎቶ ብቻ እንደማወቅ ነው።

የባልደረባዬን ጥያቄ መጽሐፉ መሃል ላይ አገኘሁት። ምዕራፍ 8። ኢየሱስና ደቀ መዛሙርቱ ወደ ፊልጶስ ቂሣርያ መንደሮች እየሄዱ ነው። ቦታው ከገሊላ ባሕር ወደ ሰሜን፣ በአርሞንኤም ተራራ ሥር ነው፤ ከዮርዳኖስ ምንጮች አንዱ እዚያ ይፈልቃል። ፓን የሚባለው የግሪኮች ጣዖት የሚመለክበት ዋሻ እዚያ ነበር። ታላቁ ሄሮድስም በዚያ አካባቢ ለሮሙ ንጉሠ ነገሥት ለአውግስጦስ ቤተ መቅደስ አሠርቷል። ልጁ ፊልጶስ ደግሞ ከተማውን አስፋፍቶ ስሙን በቄሣር ሰየመው። እንግዲህ ጥያቄው የተጠየቀው ሰው እንደ አምላክ በሚከበርበት፣ ድንጋይ እንደ አምላክ በሚሰገድለት አካባቢ ነው። ኢየሱስ መጀመሪያ ቀላሉን አቀረበ። «ሰዎች ማን እንደ ሆንሁ ይላሉ?» መልሱ ጎረፈ። መጥምቁ ዮሐንስ፣ ኤልያስ፣ ከነቢያት አንዱ። የሰው ወሬ ማቀበል ማንን ይቸግራል? ቀጥሎ ግን፣ «እናንተስ?» አለ።

ጴጥሮስ «አንተ ክርስቶስ ነህ» ብሎ መለሰ።

«አንተ» የሚለው ቃል ላይ ቆምኩ። እኔ ደረጃው ላይ ስናገር «እሱ እንዲህ ነው፣ እሱ እንዲያ ነው» እያልኩ ነበር። በሌለ ሰው ላይ እንደምንመሰክር። ጴጥሮስ ግን ፊቱን እያየ «አንተ» አለው። ቋንቋችን ለማናውቀው ሰው «እርስዎ» ያሰኘናል። ሰማይና ምድርን ለፈጠረው ግን በጸሎት «አንተ» እንላለን። ለምደነው ነው እንጂ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ስለ ኢየሱስ ሰዓታት ማውራት እችላለሁ። እሱን «አንተ» ብዬ ያናገርኩበትን ሰዓት ብቆጥር ግን ጣቶቼ ይተርፋሉ።

ለመሆኑ ጴጥሮስ ምን አይቶ ነው? ወደ ኋላ ተመልሼ እንደገና አነበብኩ። ማርቆስ ስለ ኢየሱስ ማንነት ብዙ አያብራራም። ያደረገውን ያሳይና ይሄዳል። ምዕራፍ 4 ላይ ማዕበል ተነሣ፤ ታንኳይቱ ውኃ እየሞላች ነው፤ እሱ ተኝቷል። ቀሰቀሱት። ነፋሱን ገሠጸው፤ ባሕሩን «ዝም በል፥ ጸጥ በል» አለው። ጸጥ አለ። ልብ በሉ፣ ወደ ማንም አልጸለየም። የሰውን ቁጣ እንኳ እንዲህ በአንድ ቃል ማብረድ አይቻልም። ደቀ መዛሙርቱ በማዕበሉ ከፈሩት ይልቅ በጸጥታው ፈሩ። «እንግዲህ ነፋስም ባሕርም የሚታዘዙለት ይህ ማን ነው?» ተባባሉ። መዝሙረ ዳዊትን ለሚያውቅ አይሁዳዊ ባሕርን ዝም የሚያሰኘው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄያቸው በግማሽ መልስ ነበር፤ መልሱን አፋቸው ላይ ማምጣት ነው ያስፈራቸው።

ከዚያ በፊት ምዕራፍ 2 አለ። አራት ሰዎች ሽባ ጓደኛቸውን ጣራ ነድለው አወረዱለት። ሁሉም የሚጠብቀው ተነሥቶ ሲራመድ ለማየት ነው። ኢየሱስ ግን «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» አለው። ጻፎቹ፣ ማለትም የሕግ መምህራኑ፣ በልባቸው ተቆጡ፤ «ከአንዱ ከእግዚአብሔር በቀር ኃጢአት ሊያስተሰርይ ማን ይችላል?» ብለው። ጻፎቹን ሁልጊዜ እንደ ክፉ ገጸ ባሕርይ ነው የማነባቸው። እዚህ ላይ ግን ከሁላችንም ቀድመው ነገሩ ገብቷቸዋል። «ጥሩ አስተማሪ ነበር» የምንለው እኛ ነን፤ እነሱ ይህ ሰው የእግዚአብሔርን ሥራ እየሠራ እንደሆነ አይተዋል። ያለው አማራጭ በእግዚአብሔር ላይ ስድብ ነው ማለት ወይም መስገድ ነው። ስድብ ነው አሉ።

ሌላም አለ፣ ከዚህ የከፋ። በማርቆስ ወንጌል ውስጥ ከሰው ሁሉ በፊት ትክክለኛውን መልስ የሰጡት አጋንንት ናቸው። ገና በምዕራፍ 1 «ማን እንደ ሆንህ አውቄአለሁ፥ የእግዚአብሔር ቅዱሱ» እያሉ ይጮኻሉ። ስህተት የለበትም። ፈተና ቢሆን ሙሉ ማርክ ነው። ይህን ሳነብ የደረጃው ላይ መልሴ ትዝ አለኝና ፈገግ አልኩ፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም።

«ለመሆኑ ይህ ሰው በእርግጥ ነበር ወይ?» የሚል ካለ፣ ነገሩን ብዙ አላስረዝመውም። ክርስቲያኖችን የሚንቀው ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታኪቶስ በሁለተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ክርስቶስ በንጉሠ ነገሥቱ በጢባርዮስ ዘመን በጴንጤናዊው ጲላጦስ እጅ እንደተገደለ ጽፏል። የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይም እ.ኤ.አ. በ1961 በሌላኛዋ ቂሣርያ፣ በባሕር ዳርቻዋ ተገኝቷል። ጳውሎስ ደግሞ ከስቅለቱ 25 ዓመት ያህል ቆይቶ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ የተነሣውን ካዩት ከአምስት መቶ ከሚበልጡት ብዙዎቹ ገና በሕይወት እንዳሉ ይናገራል። ሄዳችሁ ጠይቁ እንደማለት ነው። ይህ ሁሉ ይጠቅማል። የባልደረባዬ ጥያቄ ግን የድንጋይ አልነበረም።

አሁን ወደ ገረመኝ ነገር ልምጣ። ጴጥሮስ ከመመለሱ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ፣ በቤተ ሳይዳ አንድ ዓይነ ስውር አለ። ኢየሱስ እጁን ይዞ ከመንደሩ አወጣው፤ ዓይኑ ላይ እንትፍ አለበት፤ እጁን ጫነበትና «አንዳች ታያለህን?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው «ሰዎች እንደ ዛፍ ሲመላለሱ አያለሁ» አለ። ኢየሱስ ዳግመኛ እጁን ጫነበት። ያኔ ሁሉን አጥርቶ አየ። ኢየሱስ በሁለት ጊዜ የፈወሰው ሰው በወንጌሎቹ ውስጥ ሌላ አናገኝም። ልጅ ሆኜ «የመጀመሪያው አልሠራለትም እንዴ?» ብዬ ጠይቄ ተቆጥተውኛል። ምን ላድርግ፣ ያሳሰበኝ እሱ ነበር።

እናቴ በቅርቡ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አድርጋለች። በማግሥቱ ፋሻውን ሲያነሡላት አጠገቧ ነበርኩ። ወጣቱ ሐኪም ጣቶቹን ዘርግቶ «እማማ፣ ስንት ነው?» አላት። ዝም አለች። አንገቷን ዘንበል አደረገች። «ነጭ ነገር አያለሁ፤ አንተ ነህ ልጄ?» አለች። ነጩ ጋዋኑ ነበር። እኔ በድንጋጤ ደረቅሁ። ሐኪሙ ግን ደስ አለው። «ጎበዝ! ይጠራል፣ ይጠራል» እያለ ጠብታውን ጻፈላት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጠብታ ልጨምርላት ጎንበስ ስል እጄን ያዘች። ትኩር ብላ አየችኝ። «መቼ ነው ይሄን ሁሉ ሽበት ያወጣሽው?» አለችኝ።

የቤተ ሳይዳው ሰው ዓይን የበራው ለከንቱ አይደለም። ሰው ነው ያየው፤ ግን እንደ ዛፍ። ማርቆስ ይህን ታሪክ ከጴጥሮስ መልስ ጎን ያስቀመጠው አውቆ ይመስለኛል። ምክንያቱም ጴጥሮስም ክርስቶስን አይቷል፤ ግን እንደ ዛፍ።

ኢየሱስ ወዲያው «የሰው ልጅ»፣ ራሱን የሚጠራበት ስም ነው፣ መከራ ሊቀበል፣ ሊገደል፣ ከሦስት ቀንም በኋላ ሊነሣ እንዲገባው ማስተማር ጀመረ። ጴጥሮስ ወደ እሱ ወስዶ ይገሥጸው ጀመር። አስቡት። በአንድ አፍ «አንተ ክርስቶስ ነህ»፤ በዚያው አፍ «እንደሱ አይሆንም»። ክርስቶስ ማለት የተቀባ ማለት ነው፤ መሲሕ፣ የሚነግሠው የዳዊት ልጅ። ጴጥሮስ የሚጠብቀው ንጉሥ አይሰቀልም። ሮማውያን ናቸው ሰው የሚሰቅሉት፤ ንጉሡ የሚመጣው ደግሞ እነሱን ለማባረር ነው። ማዕረጉን በትክክል ጠራ። ምን ማለት እንደሆነ ግን ኢየሱስን ሊያስተምረው የፈለገው እሱ ነበር።

ኢየሱስም «ወደ ኋላዬ ሂድ» አለው። ይህን ቃል «ከፊቴ ጥፋ» ብዬ ነበር የማነበው። ያን ማታ ግን «ኋላዬ» የሚለው ቃል ያዘኝ። ይህን ቃል የት ነው ያየሁት? ምዕራፍ 1፣ ባሕሩ ዳር፣ ጴጥሮስ መረብ እየጣለ ሳለ፦ «በኋላዬ ኑ»። ከተግሣጹ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ደግሞ፦ «በኋላዬ ሊመጣ የሚወድ ቢኖር፥ ራሱን ይካድ መስቀሉንም ተሸክሞ ይከተለኝ።» ጴጥሮስ ከኋላው ተጠርቶ ወደ ፊቱ ወጥቶ ነበር። መንገድ ሊያሳየው። ተግሣጹ ከባድ ነው፤ ግን አላባረረውም። ቦታህ ተመለስ ነው ያለው።

እኔስ የት ነበርኩ?

ታላቅ እህቴና እኔ አባታችን ካረፈ በኋላ ተጣላን። ምክንያቱን እዚህ አልዘረዝረውም፤ ውርስ ያለበትን ጠብ ሁሉም ያውቀዋል። ሁለት ዓመት አልተደዋወልንም። ስለዚህ ጉዳይ ግን እጸልይ ነበር፤ አጥብቄ። ጸሎቴ ደግሞ በጣም ግልጽ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ልቧን ስበረው። ጥፋቷ ይግባት። ትደውልልኝ።» ጸሎቴ ውስጥ ኢየሱስ መልእክተኛዬ ነበር። ከፊቴ አስቀድሜ ወደ እህቴ ቤት እየገፋሁት ነበር። «አንተ ክርስቶስ ነህ» ካልኩት በኋላ የሚሄድበትን አድራሻ የምሰጠው እኔ ነኝ።

እምነትን ለብዙ ዘመን በአእምሮዬ የማደርገው ነገር አድርጌ ነው የያዝኩት። የእኛ «አመነ» ግን ሰፊ ቃል ነው። ጓደኛዬን አምናታለሁ እንላለን፤ ንብረቴን አምኜ ሰጠሁት እንላለን። ፍርድ ቤት ደግሞ ተከሳሹ ጥፋቱን አመነ ይባላል። ካላመነ ካደ ነው። እኔ ኢየሱስ አምላክ መሆኑን አምኛለሁ። እህቴን በተመለከተ ግን በእሱ ፊት ምንም አላመንኩም። ያስቀየምኳት አንድ ቃል አለ፤ ክጄው ነበር የምጸልየው።

«ካደ» የሚለው ደግሞ ሌላ ቦታ ይመለሳል። «ራሱን ይካድ» ሲባል ጴጥሮስ ሰምቷል። ከዚያ ኢየሱስ የተያዘባት ሌሊት፣ በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ እሳት ሲሞቅ አንዲት ገረድ አወቀችው። ሦስት ጊዜ ካደ። «ይህን የምትሉትን ሰው አላውቀውም» ብሎ ማለ። «አንተ» ያለውን «ይህ ሰው» አለው። ራሱን ወይም እሱን መካድ ነበረበት፤ እሱን ካደ። አንድ ነገር ግን ይታየኛል፤ ያ መሐላ ከሚያስበው በላይ እውነት ነበረው። እየተተፋበት ዝም ያለውን ክርስቶስ ጴጥሮስ በእርግጥ አያውቀውም ነበር።

በማርቆስ ውስጥ ከሰው ወገን «የእግዚአብሔር ልጅ» ብሎ የሚጠራው የመጀመሪያው ሰው ባዕድ ነው። ሰቃዮቹን ያዘዘው ሮማዊ መቶ አለቃ። ምናልባት ብዙ ሰው ሲሞት ያየ ወታደር ነው። ተአምር ሲሠራ አይቷል፣ ስብከቱንም ሰምቷል አይባልም። እንዴት እንደሞተ አይቶ ነው «ይህ ሰው በእውነት የእግዚአብሔር ልጅ ነበረ» ያለው። ጴጥሮስ «እንዲህ ከሆነማ ክርስቶስ አይደለም» ሊል የደረሰበት መስቀል፣ ለዚያ ሰው ማየት የጀመረበት ሆነ። ኢየሱስ ራሱ ምክንያቱን ቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ የመጣው ሊያገለግልና ነፍሱን ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ ነው። ቤዛ ለተያዘ ሰው ይከፈላል። እስረኛ መሆኔን ካላመንኩ ቤዛው ለእኔ ቃል ብቻ ነው። ለዓመታት ቃል ብቻ ነበር።

ማርቆስን ጨርሼ ስዘጋው ሌሊቱ ተጋምሷል። መጨረሻው ላይ ሴቶቹ ወደ መቃብሩ ሄዱ፤ ድንጋዩ ተንከባሏል፤ ነጭ የለበሰ ጎልማሳ ተነሥቷል አላቸው። ከዚያ «ለደቀ መዛሙርቱ ለጴጥሮስም» ንገሩ አላቸው። ጴጥሮስ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ አይደለም እንዴ? ለምን ስሙ ለብቻው ተጠራ? የካደ ሰው «ደቀ መዛሙርት» ሲባል ራሱን እንደማይቆጥር የሚያውቅ አለ ማለት ነው። መልእክቱም «ወደ ገሊላ ይቀድማችኋል» የሚል ነው። ይቀድማችኋል። መቃብሩን ጥሎ እንኳ ከፊት እየሄደ ነው። ጴጥሮስ አሁንም ቦታው ከኋላ ነው፤ ግን ቦታ አለው።

መጽሐፉን ዘግቼ ጸለይኩ። ረጅም አልነበረም። ምዕራፍ 9 ላይ ልጁ የታመመበት አባት ያለውን ነው ያልኩት፦ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።» ያ አባት ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ልጁ ድኖለታል። መጀመሪያ ጥርጣሬህን ጨርሰህ ና አልተባለም። ከዚያ «አንተ» አልኩት። ቀጥሎ ምን እንደምለው ስለጠፋኝ ትንሽ ዝም አልኩ። ያቺን የካድኳትን ቃል ነገርኩት።

እህቴ ጋ የደወልኩት በማግሥቱ አይደለም። እንዲያ ቢሆን ለጽሑፍ ያምር ነበር። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ሁለቴ ቁጥሩን አውጥቼ ዘግቻለሁ። በመጨረሻ ስደውል በሁለተኛው ጥሪ አነሣችው። «እህ» አለች። እህ ብቻ። ይቅርታ ልላት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ግማሹን እንኳ ሳልጨርስ «የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ?» አለችኝ። ነገርኳት። ጠብታው በቀን ስንቴ እንደሆነ ጠየቀች። አራቴ አልኳት። አራት ደቂቃ አውርተን ዘጋን። ጠቡ አልቋል አልልም፤ የውርሱ ነገርም እንዳለ ነው። ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝም። እሁድ ግን እናቴን ልታይ መጣች፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ።

ለባልደረባዬ የዕዳዬን መልስ መስጠት ነበረብኝ። ያው ደረጃ ላይ ያዝኳት። ያዘጋጀሁት ነገር ግን ዶግማ አልነበረም። ስለ እናቴ ዓይን፣ ስለ እህቴ፣ ስለ ጴጥሮስ ነገርኳት። «እኔ ግማሽ ነው የሚታየኝ» አልኳት። «ግን እሱን ነው የማየው። ሌላ የምሄድበት የለኝም።» ምንም አልመለሰችም። ከዚያ የትኛውን ላንብብ አለችኝ። አጭሩን አልኳት።

ትናንት ማታ፣ ለመተኛት መብራት ካጠፋሁ በኋላ፣ ስልኬ በራ። እሷ ነበረች። ምዕራፍ 4 ላይ ደርሳለች።

«ማዕበሉ ውስጥ የተኛው ትራስ ተንተርሶ ነው?» ይላል መልእክቷ። «ትራስ???»

«አዎ» ብዬ ጻፍኩላት። «ቀጥዪ።»